ሽጉጥ ለምን ይባርቃል?
ስለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ መዶሻ የቀረበ ታሪካዊ ጥናት

በአማርኛችን ጠበንጃ ወይም ሽጉጥ ባለቤቱ ሳያስበው ሲተኩስ «ባረቀ» ይባላል። ቃሉ ከ«መብረቅ» ጋር የአንድ ሥር ልጅ ይመስላል። በሰዋስው በኩል ሲመለከቱት ደግሞ አንድ የሚያስደንቅ ጠባይ አለው፤ የግሡ ባለቤት መሣሪያው እንጂ ሰውየው አይደለም። «ተኮሰ» ስንል ሰው አደረገ ማለታችን ነው፤ «ባረቀበት» ስንል ግን መሣሪያው በራሱ ተነሥቶ በሰውየው ላይ አንድ ነገር አደረሰበት ማለታችን ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ለዚሁ ነገር ሁለት አጠራር አላቸው፤ አንዱ «የድንገት ተኩስ» ሲል ሁለተኛው «የቸልተኝነት ተኩስ» ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋረጠም።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ ክርክር ነው። ሽጉጥ ባረቀ በሚባልበት ጊዜ ያደረገው ማን ነው? መሣሪያው ነውን? የያዘው ሰው ነውን? ወይስ ሳይታይ የቀረ ሦስተኛ ሰው አለ? ነገሩ ሰፊ ስለ ሆነ፣ ምርመራዬን በአሜሪካ አገር በተሠራው ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ላይ ወስኜዋለሁ። እዚያ የጋዜጣውም ወሬ፣ የፋብሪካውም ማስታወቂያ፣ የፍርድ ቤቱም ውሳኔ ተጽፎ ስለሚገኝ ነገሩን ደረጃ በደረጃ ለመከታተል ይቻላል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ጣት የሚስበውን ክፍል ምላጭ፣ ከኋላ ተነሥቶ የሚመታውን ብረት መዶሻ፣ ጥይቶቹ የሚቀመጡበትን ዟሪ ክፍል ከበሮ እያልሁ እጠራለሁ።

አስቀድሞ ሕጉ ነገሩን እንዴት እንደሚያየው ማስታወስ ይጠቅማል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 እንጨት ሲቆርጥ የመጥረቢያው ብረት ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን የገደለበት ሰው ወደ መማጸኛ ከተማ እንዲሸሽ ተፈቅዶለታል። ፍትሐ ነገሥትም ወድዶ የገደለውን ሳይወድ ከገደለው ይለያል። በ1957 (በእኛ 1949 ዓ.ም.) የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በሁለቱ መካከል ቸልተኝነትን በግልጽ ለይቶ አስቀምጧል። ሦስቱም ግን ዐይናቸውን የሚጥሉት መሣሪያውን በያዘው ሰው አሳብ ላይ ነው። የመጥረቢያው ብረት ለምን ወለቀ፣ እጀታውንስ ማን አስገባው ብሎ የሚጠይቅ የለም። አናጢው ከታሪኩ ውጭ ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምከተለው አናጢውን ነው።

በጥንቱ መሣሪያ፣ ማለት አባቶቻችን «ቆመህ ጠብቀኝ» ብለው በቀለዱበት ዐይነት፣ ለመተኮስ ብዙ ነገር መገጣጠም ነበረበት። በባልጩት በሚሠራው ሽጉጥ መዶሻው የያዘው ድንጋይ ብረቱን መፋቅ፣ ብልጭታው በባሩዱ ላይ መውደቅ፣ ባሩዱም ደረቅ ሆኖ መጠበቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ባለቤቱ ሲፈልገው እንኳ እምቢ የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ያስለወጠው ወፍ አዳኝ የነበረ አንድ የስኮትላንድ ቄስ ነው። አሌክሳንደር ፎርሳይት በ1807 በምት የሚነድ ቅመም ለጠበንጃ ማቀጣጠያ እንዲሆን የባለቤትነት መብት አወጣ። ጥቂት ቈይቶም ቅመሙን በትንሽ የመዳብ ቆብ ውስጥ ያስገቡት ካፕሱል ተገኘ። ዝናብ የማይከለክለው፣ ወዲያው የሚታዘዝ መሣሪያ ተፈጠረ።

ነገር ግን ከዚህ ጋር አብሮ የመጣውን ለውጥ ልብ ማለት ያሻል። ከዚያ ወዲህ ለመተኮስ የሚያስፈልገው አንድ ምት ብቻ ሆነ። ካፕሱሉ ደግሞ ምቱ ከማን እንደ መጣ አይለይም፤ ከጣት፣ ከወንበር ጠርዝ ወይም ከድንጋይ ቢመጣ ለእርሱ አንድ ነው።

ሳሙኤል ኮልት በ1836 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ያወጣበት ተሽከርካሪ ሽጉጥ ይህን አደጋ በስድስት አባዛው ለማለት ይቻላል። መሣሪያው ጎርሶ በወገብ ላይ ሲውል መዶሻው የግድ በአንድ ነገር ላይ ማረፍ አለበት። የሚያርፈው በካፕሱል ላይ ከሆነ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ግማሽ ተኩስ ታጥቆ ይዞራል። የዚያ ዘመን ሠሪዎች ይህን አልሳቱትም። የ1851 ኮልት በከበሮው ጀርባ በካፕሱሎቹ መካከል ትናንሽ እሾሆች ነበሩት፤ መዶሻው በአንዱ እሾህ ላይ ሲያርፍ ከበሮው አይዞርም፣ ካፕሱሉም አይነካም። እሾሆቹ ግን ቶሎ ያልቁ ነበር። ሬሚንግተን የተባለው ፋብሪካ ከዚህ የተሻለ አደረገ፤ በከበሮው ላይ በካፕሱሎቹ መካከል ጎድጓዳ ቦታ ቈፈረና መዶሻው በዚያ ውስጥ እንዲተኛ አደረገው። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ የሬሚንግተን ሽጉጥ የያዘ ወታደር ስድስቱንም ጎርሶ ያለ ስጋት ለመጋለብ ይችል ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ከዚህ በኋላ የሚመጣው መሣሪያ ይበልጥ የተጠበቀ ይሆናል ብሎ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ታሪኩ ግን እንዲህ አልሄደም። ቀለህ ያለው ጥይት በተስፋፋ ጊዜ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በ1873 የኮልትን አዲስ ሽጉጥ መረጠና በመጀመሪያው ውል 8,000 አዘዘ። ይህ በፊልም ሁሉ የምናየው፣ ስሙ ከከብት ጠባቂዎች ጋር የተያያዘው ሽጉጥ ነው። የመርፌው ጫፍ በመዶሻው አፍንጫ ላይ ስለ ተተከለ መዶሻው ወርዶ ሲያርፍ መርፌው በቀጥታ በጥይቱ ካፕሱል ላይ ያርፋል። የቀድሞዎቹ እሾሆችና ጎድጓዳ ቦታዎች ቀሩ። በእነርሱ ፈንታ የተሰጠው በመዶሻው እግር ላይ የተቀረጸ አንድ ትንሽ እርከን ነው፤ መዶሻው ጥቂት ወደ ኋላ ሲሳብ የምላጩ ቀጭን ጫፍ በዚያ እርከን ውስጥ ይገባና መርፌውን ከጥይቱ ያርቀዋል።

ሥራው በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ነገር ግን አንድ ኪሎ ያህል የሚመዝን ብረት ከወገብ ወድቆ በመዶሻው ሲያርፍ ያ ሁሉ ክብደት የሚጫነው በዚያች በቀጭኗ የምላጭ ጫፍ ላይ ነው። ጫፏ ወይም እርከኑ ይሰበራል፤ መርፌው ይገባል፤ ሽጉጡ ይባርቃል። በዚህን ጊዜ ጣቱን በምላጩ ላይ ያደረገ ማንም ሰው የለም። «ባረቀ» የሚለው ቃላችን ያለ ምንም ማጋነን እውነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

የአገሩ ሰዎች መድኃኒቱን በልማድ አገኙት። በስድስት ጎራሹ ሽጉጥ አምስት ጥይት ብቻ ያጎርሱና መዶሻውን በባዶው ቀዳዳ ላይ ያሳርፉ ጀመር። አጎራረሱም የታወቀ ሥርዐት ነበረው፤ አንድ አግብቶ፣ አንድ አልፎ፣ አራት አግብቶ፣ መዶሻውን እስከ መጨረሻው ስቦ በቀስታ ሲመልሱት ባዶው ቀዳዳ በመዶሻው ሥር ይገኛል።

ለዚህ ልማድ ዋና ምስክር ተደርጎ የሚጠቀሰው ስመ ጥሩው የሕግ አስከባሪ ዋያት ኧርፕ ነው። እርሱ በ1929 ከሞተ በኋላ ስቱዋርት ሌክ በ1931 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ፣ ዐዋቂ ሰው ከአምስት በላይ እንደማያጎርስ፣ ምክንያቱም ጥንቃቄ ብቻ እንደ ሆነ ለኧርፕ በተሰጠ ቃል ተጽፏል። የዊቺታ ከተማ ጋዜጣ ግን በጥር 1876 ሌላ ነገር ያወራል። ጥር 9 ቀን እሑድ ማታ ፖሊሱ ኧርፕ ከሁለት ሦስት ሰዎች ጋር በአንድ መጠጥ ቤት የጓዳ ክፍል ተቀምጦ ሳለ ሽጉጡ ከአፎቱ ሾልኮ ወደቀ። በካፕሱል ላይ አርፎ የነበረው መዶሻ ወንበሩን መትቶ ይሆናል በተባለ ምክንያት ሽጉጡ ባረቀ። ጥይቱ የኧርፕን ካፖርት በስቶ፣ ግድግዳውን መትቶ፣ በጣራው በኩል ወጣ። በክፍሉ የነበሩት ሰዎች ሲሯሯጡ የነበረውን ግርግር ጋዜጠኛው በደስታ ይተርከዋል።

ጋዜጣው የሽጉጡን ዐይነት ስለማይናገር፣ ይህ የ1873 ኮልት ነበር ብሎ ለመደምደም አይቻልም። ለታሪክ ተማሪ ግን ከሁለቱ ምስክሮች አንዱ በሳምንቱ ውስጥ የታተመ፣ ሁለተኛው ከ55 ዓመት በኋላ በሌላ ሰው ብዕር የተጻፈ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። የአምስት ጥይት ደንብ ከመጀመሪያ አንሥቶ የሁሉ ዐዋቂ ልማድ ነበር የሚለው አባባል ከሁለተኛው ምስክር የተቀዳ ነው። የመጀመሪያው ምስክር የሚያሳየን መሣሪያ መያዝ ሥራው የሆነ ፖሊስ እንኳ ስድስቱን ጎርሶ ይቀመጥ እንደ ነበረ ነው።

አሁን ወደ አናጢው እንመለስ። መፍትሔው ሳይታወቅ ቀርቶ ነው እንዳንል፣ ብዙም ሳይቈይ ታውቋል። ስሚዝና ዌሰን የተባለው ፋብሪካ በ1887 መዶሻው በውስጥ የተሸፈነ፣ እጀታው ተጨብጦ ካልተጫኑት በቀር የማይተኩስ ሽጉጥ ለገበያ አወጣ። ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመው ግን በማሳቹሴትስ የነበረው የአይቨር ጆንሰን ፋብሪካ ነው። ይህ ፋብሪካ የሚሠራው ርካሽ ሽጉጥ ነው፤ ፕሬዚዳንት መኪንሊ በ1901 በቡፋሎ ከተማ የተገደሉት በዚሁ ፋብሪካ ሽጉጥ ነበር። በእርሱ ሽጉጥ ውስጥ መዶሻው መርፌውን ፈጽሞ አይደርስበትም፤ በመካከላቸው ክፍተት አለ። ምላጩ እስከ መጨረሻው ሲሳብ ብቻ አንድ ትንሽ የብረት ዘንግ ከሥር ተነሥታ በክፍተቱ ትገባና የመዶሻውን ምት ለመርፌው ታስተላልፋለች። ምላጩ ካልተሳበ ዘንጓ አትነሣም፤ መዶሻው ቢመታ የሚያገኘው የሽጉጡን ግንብ ነው። ፋብሪካው በማስታወቂያው ላይ የጎረሰውን ሽጉጥ መዶሻ በእውነተኛ መዶሻ ሲቀጠቅጡት የሚያሳይ ሥዕል አወጣ፤ «መዶሻውን በመዶሻ ምታው» የሚል ጽሑፍም ጨመረበት።

ይህ ሥዕል በየመጽሔቱ የወጣው በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካ ያለው ማንም ሰው አላወቅሁም ነበር ለማለት አይችልም። ያን ጊዜ በጥቂት ዶላር የሚሸጠው ሽጉጥ ይህን ይዞ ሳለ፣ ስመ ጥሩውና ውዱ የ1873 ኮልት ሳይለወጥ ቀጠለ። ምክንያቱ እኔ እንደሚመስለኝ የአምስት ጥይት ደንብ ራሱ ነው። ደንቡ ለያዡ ብልህነት ሲሆን ለፋብሪካው ግን ምቹ መልስ ሆነለት፤ የወደቀ ሽጉጥ ቢባርቅ ጥፋቱ ስድስተኛውን ያጎረሰው ሰው ነው ለማለት ተቻለ።

እርግጥ መቆለፊያ አለ ማለት ብቻም አይበቃም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስሚዝና ዌሰን ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የሠራው ሽጉጥ በመዶሻው ፊት የሚቆም ቀጭን ብረት ነበረው። በ1944 መጨረሻ አንዱ ሽጉጥ በመርከብ የብረት ወለል ላይ ወድቆ ባረቀና አንድ መርከበኛ ሞተ። ሲመረመር ይህ ብረት የሚንቀሳቀሰው በራሱ የመለጠጥ ኃይል ስለ ነበረ፣ ለዝገት መከላከያ የተቀባው ቅባት ሲደርቅ ተጣብቆ ሊቀር እንደሚችል ታወቀ። ፋብሪካው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሌላ ዐይነት መቆለፊያ ሠራ፤ አዲሱ በምላጩ እንቅስቃሴ ተገፍቶ የግድ የሚሄድ እንጂ በፈቃዱ የሚመለስ አልነበረም። አዲሱን የያዙት ሽጉጦች በቁጥራቸው ላይ «ቪ» ለሚለው ፊደል «ኤስ» ተጨምሮባቸው ይታወቃሉ። አንድ ሞት፣ አንድ ኃይለኛ ደንበኛ፣ ጥቂት ቀናት። ይህን ፍጥነት አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እፈልጋለሁ።

ኮልት የ1873ቱን ሽጉጥ መሥራት በጦርነቱ መግቢያ አቁሞ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግን የከብት ጠባቂዎች ፊልም በቴሌቪዥን ስለ በዛ ሕዝቡ ያንኑ መልክ ፈለገ። ይህን ያስተዋለው በ1949 በኮነቲከት የተመሠረተው የስተርም ሩገር ኩባንያ በ1953 ትንሹን፣ በ1955 ትልቁን ባለ አሮጌ መልክ ሽጉጥ አወጣ። ኮልትም በ1956 ወደ ሥራው ተመለሰ። ሩገር አሮጌውን ሽጉጥ እንዲያው አልገለበጠውም። በቀድሞው ሽጉጥ ውስጥ ቶሎ የሚሰበሩትን ልሙጥ ሞላዎች አውጥቶ በጥቅልል ሽቦ ሞላዎች ተካቸው። ስለዚህ የውስጡን ሥራ አንድ በአንድ አይቶታል፤ ደካማውን ነገር ለይቶ አሻሽሏል። ያን ትንሽ እርከንና ያችን ቀጭን የምላጭ ጫፍ ግን እንዳሉ ተዋቸው። በማስተላለፊያ ዘንግ የሚሠራውን ሽጉጥ ያወጣው ከ20 ዓመት በኋላ በ1973 ነው።

በእነዚያ 20 ዓመታት ከተሸጡት ሽጉጦች አንዱ በአላስካ ባርቆ ባለቤቱን አቈሰለው፤ ነገሩም እስከ አላስካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1979 በሰጠው ውሳኔ ያሰፈረው ነገር ከዚህ በላይ የተረክሁትን ሁሉ በጥቂት ቃል የሚይዝ ነው። የኩባንያው ከፍተኛ ሹማምንት እነዚህ ክፍሎች ሊሰበሩና ሽጉጡ ሊባርቅ እንደሚችል ያውቁ ነበር፤ ለውጡ በአንድ ሽጉጥ ላይ የሚያስጨምረው ወጪ 1 ዶላር ከ93 ሳንቲም ነበር። የሥር ፍርድ ቤቱ ዳኝነት ሰሚዎች ለቈሰለው ሰው ከካሣው ሌላ ወደ 2.9 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የቅጣት ገንዘብ ፈርደውለት ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ገንዘቡ እጅግ በዝቷል ብሎ እንዲቀነስ ቢያዝም፣ ቅጣት መገባቱን ግን አጸና። እንግዲህ የመጥረቢያው ሠሪ በመጨረሻ በፍርድ ቤት ስሙ ተጠራ።

ለምን ይህን ያህል ዘገየ ቢባል፣ የአገሩ ሕግ ራሱ መንገዱን አጥብቦት ነበር። በ1968 የወጣው የመሣሪያ ሕግ ከውጭ የሚገቡ ሽጉጦች የደኅንነት መመዘኛ እንዲያልፉ ስለሚያስገድድ፣ በኢጣልያ የሚሠራው የ1873 ኮልት ግልባጭ መቆለፊያ ተጨምሮለት ገባ፤ በሀርትፎርድ ከተማ የሚሠራው ዋናው ግን ይህ ግዴታ አልነበረበትም። በ1972 የሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ኮሚሽን ሲቋቋምም ጠበንጃና ሽጉጥ ከሥልጣኑ ውጭ ተደርገዋል። ለሕፃን መጫወቻ የተሰጠው ተቈጣጣሪ ለሽጉጥ አልተሰጠም።

እስካሁን የጻፍሁትን ያነበበ ሰው የባረቀ ሽጉጥ ሁሉ በመሣሪያው ጉድለት ነው ብሎ እንዳይደመድም እሰጋለሁ። እንዲህ ብል ውሸት ይሆንብኛል። በአጋጣሚ ከሚደርሰው ሞት ብዙው የሚመጣው ሽጉጡ ወድቆ ሳይሆን አንድ ሰው ምላጩን ስቦ ነው። በተለይ በካዝና በሚጎርሰው ሽጉጥ፣ በእኛም አገር ስታር ወይም ማካሮቭ እየተባለ በሚታወቀው ዐይነት፣ ካዝናው ሲወጣ ሽጉጡ ባዶ ሆኗል ይባላል፤ አስቀድሞ የጎረሰው አንድ ጥይት ግን በቦታው ነው። «ባዶ ነው» ተብሎ የተጫወቱበት፣ ወደ ወዳጅ የተነጣጠረው ሽጉጥ ይህ ነው። ባዶ መሆኑን በዐይን ሳያዩ እንደ ጎረሰ መቁጠር፣ አፈ ሙዙን ሊመቱት ወደማይፈልጉት ነገር አለማዞር፣ እስኪያነጣጥሩ ድረስ ጣትን ከምላጩ ማራቅ፣ ከዒላማው ኋላ ያለውን ማወቅ፤ አሜሪካዊው የተኩስ መምህር ጄፍ ኩፐር ያስፋፋቸው እነዚህ አራት ደንቦች ቢጠበቁ ሽጉጡ ቢባርቅ እንኳ ሰው አይገድልም።

ይሁን እንጂ በዚህም ላይ አናጢው የሚለው ነገር አለው። የአሜሪካ ምክር ቤት የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ1991 ባወጣው ጥናት፣ ከመረመራቸው የአጋጣሚ ሞቶች ከመቶ 31 የሚሆኑት በሁለት ቀላል መሣሪያዎች ሊድኑ ይችሉ እንደ ነበር ገልጿል። ከመቶ 8 ያህሉ ሕፃን ልጅ ሊስበው በማይችል መቆለፊያ፣ ከመቶ 23 ያህሉ ደግሞ ሽጉጡ መጉረሱን በሚያሳይ ምልክት የሚድኑ ነበሩ። ጥፋቱ የሰው ነው በሚባለው ክፍል ውስጥ እንኳ ፋብሪካው ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነበር ማለት ነው። ደንቡን የሚያጠብቁ ሰዎች መቆለፊያ ሰውን ያዘናጋል ይላሉ። የ1944ቱ መርከበኛ ሞት አሳባቸውን በከፊል ይደግፋል። ነገር ግን የተሻለው መቆለፊያ በጥቂት ቀናት መሠራቱም በዚያው ታሪክ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

ነገሩ ያለፈ ዘመን ወሬ ብቻ አይደለም። በ2017 ሲግ ሳወር የተባለው ፋብሪካ ለሕዝብ የሚሸጠው አዲሱ ሽጉጡ በአንዳንድ አቅጣጫ ሲወድቅ ምላጩ በራሱ ክብደት ወደ ኋላ ተስቦ እንደሚተኩስ በመታወቁ፣ ምላጩን አቅልሎ በነፃ ለመለወጥ ተገደደ። የዚሁ ሽጉጥ የጦር ሠራዊት ዐይነት በዚያው ዓመት በጥር የአሜሪካን ጦር ውድድር አሸንፎ ነበር።

ሩገርም ከ1973 በፊት ለተሸጡት ሽጉጦች በነፃ ዘንግ እንደሚያስገባ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አስታውቋል፤ ባለቤቱ ሽጉጡን ወደ ፋብሪካው ሲልክ ተስተካክሎ፣ የወጡት አሮጌ ክፍሎችም አብረው ተጠቅልለው ይመለሱለታል። ብዙዎቹ ግን እስከ ዛሬ አልተላኩም። አሮጌ ሽጉጥ የሚሰበስቡ ሰዎች ከፋብሪካ እንደ ወጣ ያልተነካውን አስበልጠው ስለሚገዙት፣ ነጋዴዎች ሲያስተዋውቁ «አልተለወጠም» ብለው ይጽፉበታል።